በሽሮ ሜዳ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ከብናኝ፣ ከኃይል መዋዠቅና ከፈሳሽ መጠበቅ

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ በሀገር ባህል አልባሳት ገበያውና ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች በመጡ ሸማኔዎቹ ይታወቃል። የእጅ ስልክና ኮምፒዩተርም ዛሬ የገበያው የሥራ መሣሪያዎች ናቸው። የቴሌብር አገልግሎት በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ክፍያ በስልክ መፈጸም እየተለመደ በመምጣቱ የአንድ ስልክ መበላሸት ለነጋዴው ገበያ መዝጋት ሊሆን ይችላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም የአንድ ኮምፒዩተር መቃጠል የባለጉዳይን ፋይል ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በእንዲህ ያለ አካባቢ ጎልቶ የሚጠቀሰው የጉዳት መንስኤ የጥጥ ብናኝ ነው። ከፈትሉ የሚነሳው ብናኝ በኮምፒዩተር ማራገቢያ ላይ እየተጠራቀመ የአየር ዝውውርን ያግዳል። በብርዱ በሚታወቅ ሠፈር ኮምፒዩተር ይግላል መባሉ ቢያስገርምም፣ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። በመሆኑም ማራገቢያው በየጊዜው ሊጸዳ፣ መሣሪያው ከሥራ ውጪ በሆነ ጊዜም ቀዝቅዞ በጨርቅ ሊሸፈን ይገባል።

ስልክ ቻርጅ አልይዝ ሲል ብዙዎች ገመድ ይለውጣሉ፤ ችግሩ ግን በመሰኪያው ውስጥ የተጠቀጠቀ ብናኝ ሊሆን ይችላል። ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ስንጥር በጥንቃቄ ማውጣት ይቻላል። መርፌ በየሱቁ ቢገኝም ብረት በመሆኑ የመሰኪያውን ጥርሶች ሊያበላሽ ስለሚችል ለዚህ ተግባር አይመከርም።

የኃይል መዋዠቅ ሌላው ጉዳይ ነው። የሀገሪቱ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ቢሆንም፣ ተቋርጦ ሲመለስ ለጥቂት ጊዜ ከመጠኑ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። መብራት ሲጠፋ መሣሪያዎችን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያከማችም፤ የተጀመረ ጽሑፍ ሳይጠፋ ኮምፒዩተርን በሥርዓት ለመዝጋት ዩፒኤስ ያስፈልጋል። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ወቅት ግን ሁለቱም በቂ ዋስትና አይሆኑም። የኃይል ገመዱን ብቻ ሳይሆን የኔትወርክና የዲሽ ገመዶችንም መንቀል ይገባል።

በቢሮዎች ዘንድ ቡናና ሻይ ከኮምፒዩተር አጠገብ መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ፈሳሽ ሲፈስ መሣሪያውን ወዲያውኑ ማጥፋት፣ ከኃይል መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም ማውጣትና ገልብጦ ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል። ስኳር ያለው መጠጥ ከደረቀ በኋላም የሚያጣብቅ ቅሪት ስለሚተው ባለሙያ ከፍቶ ሊያጸዳው ይገባል። የራሰ ስልክን ሩዝ ውስጥ መክተት በስፋት ቢነገርም የአፕል ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር የሩዝ ቅንጣት ስልኩን ሊጎዳ እንደሚችል አስታውቋል።

ያበጠ ባትሪ የእሳት አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል መጠቀም ማቆም እንጂ መብሳት ወይም ተጭኖ ወደ ቦታው ለመመለስ መሞከር አይገባም። ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣልም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል።