ከታፔላ እስከ ድረ ገጽ፦ የንድፍ ባለሙያ የሚቀጥር ነጋዴ የሚገዛው ምንድን ነው?

መግቢያ

የአነስተኛ ንግድ ቤቶችን ሒሳብ የሚመረምር ባለሙያ ከወጪ ሰነዶች መካከል «ለድረ ገጽ ሥራ የተከፈለ» የሚል ደረሰኝ ማግኘቱ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ሥራውም ተሠርቶ ታይቷል። ይሁን እንጂ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ነጋዴ ስለ ድረ ገጹ ሲጠየቅ፣ «ሠሪው ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ የይለፍ ቃሉም በእርሱ እጅ ነበር፤ ገጹ አሁን አይከፈትም» ሲል ይሰማል። የዚህ ነጋዴ ጉዳት የከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በካርዱ፣ በደረሰኙና በመኪናው በር ላይ ያሳተመው አድራሻ ወደ ባዶ ቦታ የሚመራ ሆኗል፤ ደንበኛውም ቤቱ የተዘጋ መስሎት ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህ ነጋዴ ገንዘቡን ሲከፍል በእርግጥ የገዛው ምን ነበር? የማኅበራችን አባላት፣ በተለይም አነስተኛ ንግድ ቤቶችን የሚያማክሩ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ይህን ጥያቄ በየጊዜው መመለስ ይኖርባቸዋል። መልሱ የሚገኘው ደግሞ ከቴክኒክ መጻሕፍት ይልቅ ከሙያው ታሪክ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመቶች ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንጠይቃለን።

ታፔላና ክሊሼ

ነጋዴ የሱቁን ፊት የሚያሳምርለት ባለሙያ መቅጠር የጀመረው በኮምፒዩተር ዘመን አይደለም። በከተሞቻችን ታፔላ የሚጽፈው ሠዓሊ ቀብድ ተቀብሎ ይጀምራል፤ ቀለሙን ቀብቶ፣ ፊደሉን አስተካክሎ ሲጨርስ ቀሪውን ሒሳብ ተቀብሎ ይሄዳል። ታፔላው ከበሩ በላይ ከተሰቀለ በኋላ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሠዓሊው አገር ቢለቅም ታፔላው በቦታው ይኖራል። የነጋዴው የግዢ ልማድ የተቀረጸው በዚህ ዐይነቱ ሥራ ነው፤ ከፍሎ መረከብ፣ ከተረከቡም በኋላ መርሳት።

የማተሚያ ቤት ሥራ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ነጋዴው የሚረከበው የታተመውን ወረቀት ነው። ወረቀቱ የታተመበት ክሊሼና ፕሌት ግን፣ በአሜሪካ አታሚዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ በቆየው የሙያ ልማድ መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ካልተደረገ በስተቀር የማተሚያ ቤቱ ንብረት ሆኖ ይቀር ነበር። ስለሆነም ወደ ሌላ አታሚ መዛወር የፈለገ ደንበኛ ሥራውን እንደገና ለማሠራት ይገደድ ነበር። በእጅ የተረከቡት ዕቃና ዕቃውን የሚያስገኘው መሣሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነጋዴው በመጠኑም ቢሆን የተማረው ከዚህ ነው።

ትልልቅ ኩባንያዎች ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። በ1907 የጀርመኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ አ.ኤ.ጌ. ፔተር ቤረንስ የተባለውን ሠዓሊና አርክቴክት የጥበብ አማካሪው አድርጎ ሾመ። ቤረንስ የኩባንያውን መለያ ምልክትና ካታሎግ፣ የውሃ ማፍያውን፣ አልፎም በ1909 በበርሊን የተጠናቀቀውን የተርባይን ፋብሪካ ነድፏል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኩባንያው አንድ ሥዕል ገዝቶ ባለሙያውን አለማሰናበቱ ነው። የገዛው ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትልን ነበር። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለው ግንኙነት ለትልቅ ድርጅት እንጂ ለአንድ በር ሱቅ የሚታሰብ አልነበረም። ድረ ገጽ የለወጠው ነገር ቢኖር ይህንኑ ነው፤ ቀድሞ ትልቁ ኩባንያ ብቻ ይፈልገው የነበረውን ቀጣይ አገልግሎት ለትንሹ ነጋዴም አስፈላጊ አድርጎበታል።

የሙያው ልደት

እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በሰርን፣ ሲሠራ ሐሳቡን ያቀረበው በ1989 ነበር። የመጀመሪያው ድረ ገጽ በ1990 መጨረሻ ተሠራ፤ በ1991 ደግሞ ከድርጅቱ ውጭ ላሉ ሰዎች ይፋ ሆነ። ሰርን ሚያዝያ 30 ቀን 1993 የሥርዐቱን ሶፍትዌር ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሞዜይክ የተባለ ብራውዘር ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ማሳየት በመቻሉ የነጋዴውን ዐይን ሳበ።

የገጹ ቋንቋ፣ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል.፣ በመሠረቱ የተፈጠረው ለተመራማሪዎች ጽሑፍ ነበር። ይኸኛው ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው ይላል እንጂ ርእሱ በምን ቀለም፣ በየትኛው ጥግ እንደሚቀመጥ አይወስንም ነበር። ከኅትመት ዓለም የመጡት ነዳፊዎች ግን ገጹን እንደ ወረቀት ለማዘዝ ፈለጉ። ለቁጥር መደርደሪያ የታሰበውን ሠንጠረዥ ለገጽ አቀማመጥ አዋሉት፤ ዐይን የማያያቸውን ጥቃቅን ሥዕሎችም እንደ ሽብልቅ በየመካከሉ አስገቡ። የኖርዌዩ ተወላጅ ሆኮን ቪየም ሊ በ1994 ያቀረበውና በ1996 በደረጃነት የጸደቀው ሲ.ኤስ.ኤስ. መልክን ከይዘት የሚለይ የተሻለ መንገድ ነበር። ሆኖም ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት በብራውዘር ገበያ ይፋለሙ ስለነበር፣ አንዱ ብራውዘር የሚያሳየውን ሌላው ያበላሸው ነበር። በዚህ የተቸገሩ ነዳፊዎች በ1998 የጋራ ደረጃ እንዲከበር የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እስከ መመሥረት ደረሱ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ያረፈው በደንበኛው ላይ ነበር። በብልኀት የተቆላለፈውን ገጽ ከሠሪው በቀር የሚያስተካክለው አልተገኘም፤ ዋጋ ለመለወጥ ወይም ስልክ ቁጥር ለማረም እንኳ ሠሪውን መፈለግ ግድ ሆነ። በፍላሽ የተሠሩት ተንቀሳቃሽ ገጾች ዕጣ ፈንታም ከዚህ የባሰ ነበር። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም፤ አዶቤም በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቋረጠ። ለዚያ ዐይነቱ ገጽ የከፈሉ ሰዎች ንብረታቸው ሳይሰረቅ፣ ሳይቃጠል ጠፋባቸው። ታፔላ ዝናብና ፀሐይ ያበላሸዋል፤ ድረ ገጽን ግን ሌሎች ሰዎች በሌላ አገር የሚወስዱት ውሳኔ ሊያበላሸው ይችላል።

ስሙ በማን ተመዝግቧል?

ከገጹ ይበልጥ ክብደት ያለው ስሙ ነው። የኢንተርኔት ስሞች ሥርዐት በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ ተነደፈ፤ በ«ዶት ኮም» የመጀመሪያው ስም፣ ሲምቦሊክስ፣ መጋቢት 15 ቀን 1985 ተመዘገበ። እስከ 1995 ድረስ ምዝገባው ለተመዝጋቢው በነጻ ነበር። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ግን ለሁለት ዓመት 100 ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የዶሜይን ስም በየጊዜው ኪራይ የሚከፈልበት ሆነ፤ ክፍያው ካልታደሰ ስሙ ተለቆ ለሌላ ፈላጊ ሊሰጥ ይችላል።

መዝገቡ የሚያውቀው በውስጡ የሠፈረውን ተመዝጋቢ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ነጋዴ ቢሆንም ነዳፊው ለቅልጥፍና ሲል በራሱ ስም ካስመዘገበው፣ በመዝገቡ ፊት ባለ መብት ሆኖ የሚታየው ነዳፊው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1243 የተተካው የንግድ ሕጋችን፣ የንግድ ስምን ግዙፍነት ከሌላቸው የንግድ መደብር ክፍሎች መካከል ቆጥሮት ነበር። ነጋዴው በንግድ መዝገብ ላይ ስሙን እንዲህ በጥንቃቄ እያስመዘገበ፣ የዶሜይኑን ስም ግን ለሌላ ሰው ትቶ መሄዱ የሚያስገርም ነው።

የተከፈለበት ሥራ የማን ነው?

«ከፍዬበታለሁና የእኔ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገር ሕግ ፊት ሁልጊዜ አይጸናም። ለዚህ ትልቅ ምሳሌ የሆነው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 5 ቀን 1989 የሰጠው ውሳኔ ነው። በዋሽንግተን ለቤት አልባ ሰዎች የሚሟገት አንድ ማኅበር በ1985 ጄምስ አርል ሪድ የተባለውን ቀራፂ ሐውልት እንዲሠራለት ቀጠረው። ሐሳቡን ያመነጨው ማኅበሩ ነበር፤ ገንዘቡንም ከፍሏል፤ በሥራው ሂደት ላይም አስተያየት ሲሰጥ ቆይቷል። የቅጂ መብቱ የማን እንደሚሆን ግን ማንም በጽሑፍ አላሰፈረም። ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤቱ፣ ቀራፂው በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ የሥራ ቦታ የሠራ ገለልተኛ ባለሙያ እንጂ የማኅበሩ ሠራተኛ አይደለም በማለት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ስለዚህ ሐውልቱ «በተቀጣሪ የተሠራ ሥራ» ነው የሚለው የማኅበሩ ክርክር ውድቅ ሆነ። የዓለም ድረ ገጽ ሐሳብ በቀረበበት በዚያው ዓመት የተሰጠው ይህ ፍርድ፣ ቤቱ ተቀምጦ በራሱ ኮምፒዩተር ለሚሠራው የድረ ገጽ ነዳፊ የተጻፈ ይመስላል።

በአገራችን ጉዳዩን የሚመለከተው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ነው። ነገር ግን ሕጉ ለማንም ቢያደላ ነጋዴውን ወዲያውኑ የማይጠቅምበት ሁኔታ አለ። ሕግ መብትን ይሰጣል እንጂ የይለፍ ቃልን አይሰጥም። በፍርድ ቤት የሚረታ ባለ ንብረት እንኳ እስኪረታ ድረስ ገጹ ተዘግቶ ይቆይበታል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።

የፊደላችን ትምህርት

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት አማካይነት ነው። በዚያን ጊዜ በአማርኛ ገጽ ማሠራት የፈለገ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ችግር ነበረበት። የግዕዝ ፊደል የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ ስላልነበረው እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሎቹን በመሰለው ቦታ ይደረድራቸው ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ገጹ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። አንዳንዱ ሠሪ በዚህ ተቸግሮ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ ይለጥፈው ነበር፤ ሥዕል ደግሞ በፍለጋ አይገኝም፤ አንድ ቃል ለማረምም አያመችም።

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የማያሻማ ቦታ ሰጠው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ናያላ የተባለውን ፎንት ይዞ በመምጣቱ ፊደላችን ያለ ልዩ ጭነት መነበብ ጀመረ። የቀድሞዎቹ ገጾች ግን ወደ አዲሱ ኮድ መዛወር ነበረባቸው። በዚህ ጊዜ የጽሑፉን ዋና ቅጂና የፎቶግራፎቹን ኦሪጅናል በእጁ ያኖረ ሰው ገጹን በቀላሉ ማሳደስ ይችላል፤ ሁሉን ለሠሪው ትቶ የሄደ ግን ከዜሮ ይጀምራል።

የመሣሪያው መርከስ

ግንቦት 27 ቀን 2003 የወጣው ዎርድፕሬስ ነጋዴው ያለ ሠሪው እርዳታ ዋጋውንና ማስታወቂያውን ራሱ እንዲለውጥ አስችሎታል። በ2010 ኢተን ማርኮት የጻፈው ጽሑፍ ደግሞ አንድ ገጽ በስልክም በኮምፒዩተርም እንደ መስተዋቱ ስፋት የሚታጠፍበትን መንገድ አስተማረ። ዛሬ ብዙ ሱቅ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ብቻ ሲነግድ እናያለን፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም በጥቂት ደቂቃ ገጽ ያወጣሉ። ታዲያ ባለሙያ መቅጠር ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም።

ለዚህም ታሪክ መልስ አለው። በ1994 የተመሠረተው ጂኦሲቲስ ለሚሊዮኖች ነጻ ገጽ ሰጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ያሁ በጥቅምት 2009 በአሜሪካ ሲዘጋው ገጾቹ ከየአድራሻቸው ተነሡ። በሰው ግቢ የተሠራ ቤት ግቢው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። መሣሪያው በረከሰ መጠን የባለሙያው ድካም ከሥዕሉ ይልቅ ወደ ጥያቄው አዘንብሏል፤ ደንበኛህ ማን ነው? ምን ፈልጎ ይመጣል? ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን የሚያድሰው ማን ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ ቀለም መምረጥ የሚጀምር ነዳፊ የሚሸጠው ታፔላ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ የሚያመለክተው፣ ነጋዴው የሚገዛው አንድ ነገር ሳይሆን አራት መሆኑን ነው፤ ስም፣ ቁልፍ፣ ይዘትና ክትትል። ሥዕሉ ከአራቱ ጋር የሚመጣ ልብስ ነው። በመሆኑም የማኅበራችን አባላት «ለድረ ገጽ ሥራ» የሚል ደረሰኝ ሲያጋጥማቸው ሒሳቡን መዝግበው ማለፍ ብቻ አይበቃቸውም። ዶሜይኑ በንግድ ቤቱ ስም ተመዝግቧል? የይለፍ ቃሎቹ በባለቤቱ መዝገብ ውስጥ አሉ? የጽሑፉና የፎቶግራፉ ዋና ቅጂ ተረክቧል? የየዓመቱ የዶሜይንና የሆስቲንግ ክፍያ በበጀት ተይዟል? የሥራው መብት ለማን እንደሚሆን የሚገልጽ ውል ተፈርሟል? ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ ውል የማያልፍ፣ ከሥራው በፊት ቢጠየቅ ማንንም የማያስቀይም ጥያቄ ነው።

ይህን ስንል ነዳፊዎችን በክፉ ዐይን ለማሳየት አይደለም። በጽሑፍ የሠፈረ ስምምነት ክፍያው ሳይጠናቀቅ ሥራው ከተወሰደበት ነጋዴ ነዳፊውንም ይጠብቀዋል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን በችኮላ ነው፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው። በመግቢያችን ያነሣነው ነጋዴም የተበደለው በሠሪው ተንኰል ላይሆን ይችላል። በር አሠርቶ፣ ቀለሙን አድንቆ፣ ቁልፉን ሳይቀበል ወደ ሥራው ተመለሰ። ቁልፉን እንዲቀበል በጊዜው የሚያሳስበው ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ፣ ያ ሰው ሒሳቡን የሚመለከትለት ባለሙያ በሆነ ነበር።