በኦቨን የሚበስል የአትክልት ጥብስና ጨው ያነሰበት ማባያ፦ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ታካሚዎች

የድንች ጥብስ (ችብስ) በአዲስ አበባ ርካሽና ፈጣን ምግብ ነው። ብስራተ ገብርኤል አካባቢም እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት በመንገድ ዳር ዘይቱ ይፍለቀለቃል፣ ከጎኑ አዋዜ ወይም ዳጣ ይቀመጣል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው «የተጠበሰ ነገር ይተዉ» ሲባል መጀመሪያ የሚከለከለው ይህን ነው። ሙሉ በሙሉ መተው ግን ግዴታ አይደለም። አትክልቱን በኦቨን ማብሰል ዘይቱን በብዙ ይቀንሰዋል። ይሁንና ኦቨኑ የሚፈታው አንዱን ችግር ብቻ ነው፤ ጨው ማባያው ውስጥ ይቀራል፣ ድንቹም ያው ድንች ነው።

የዘይቱ ጉዳይ

ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚጠበስ ድንች እንደ አቆራረጡ በ100 ግራም ከ12 እስከ 15 ግራም ያህል ዘይት ይዞ ይወጣል። አንድ ሰው 200 ግራም ጥብስ ሲበላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት አብሮ ይወስዳል፤ አንዱ ማንኪያ ብቻ ወደ 120 ካሎሪ አለው። ከታች ባለው አሠራር ግን ሁለቱ ማንኪያ ለአራት ሰው ይበቃል።

የዘይቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ የስብ ዓይነት ነው። የሱፍ፣ የኑግ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት የተሻለ ምርጫ ነው። የጠቆረ፣ የሚያጨስ ወይም አረፋ የሚያወጣ ዘይት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጠበሰበት ስለሆነ መደፋት አለበት።

አሠራር

ለአራት ሰው 1 ኪሎ ያህል አትክልት ይበቃል፦ 400 ግራም ድንች፣ 300 ግራም ካሮት፣ 200 ግራም ዝኩኒና አንድ ትንሽ ቀይ ስር። የጅምላ አትክልት ገበያው በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ቅርብ ሆኗል፤ ለዚህ መጠን ግን የሰፈር ጉሊት ይበቃል።

ሁሉንም በደንብ አጥበው በጣት ውፍረት (1 ሴንቲ ሜትር ያህል) ይክተፉ። ድንቹን ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና ውሃውን ይድፉ። ይህ ስታርቹንና ስኳሩን በመጠኑ ስለሚያጥብ ድንቹ ቶሎ እንዳይጠቁር ይረዳል። ስታርች ያለው ምግብ በደረቅ ሙቀት ከ120 ዲግሪ በላይ ሲበስል አክሪላማይድ የሚባል የማይፈለግ ኬሚካል ይፈጠራል፤ ይበልጥ በጠቆረ ቁጥር ይጨምራል። ወርቃማ ቢጫ ሲሆን ያውጡት፣ የከሰለውን ይጣሉ። ጥሬ ድንች ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ስኳሩ ስለሚጨምር ለጥብስ የሚሆነውን ውጭ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ።

ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ያድርቁት። እርጥብ ሆኖ ከገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት፣ ትንሽ እርድና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጨምረው በእጅ ያሹት። የሽምብራ ዱቄቱ ላዩን ያኮራምተዋል። በእሱ ፋንታ ሽሮ አይጠቀሙ፤ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ሽሮ ብዙ ጊዜ ከነጨውና ከነበርበሬው የተፈጨ ነው። በ220 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ሳይደራረብ ደርድረው ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ያብስሉ፣ በመሀል አንዴ ያገላብጡ። ዝኩኒ ውሃ ስለሚበዛበት ድንቹና ካሮቱ ከገቡ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጨመራል። ቀይ ስሩን ለብቻው በአንድ ጥግ ያድርጉት፣ አለበለዚያ ሁሉንም ያቀላዋል።

ኦቨን የሌለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃዋል። ድንቹንና ካሮቱን አስቀድመው ለስለስ እስኪል ይቀቅሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ 5 ደቂቃ ካለ እዚህ 7 ወይም 8 ደቂቃ ይያዙ። ከዚያ በዘይት አሽተው በጋለ ምጣድ ላይ ይደርድሩና አክንባሎ ይድፉበት። በመጨረሻው 5 ደቂቃ አክንባሎውን ያንሱ፤ እንፋሎቱ ካልወጣ አይደርቅም።

ማባያው፦ ጨው የሚደበቅበት ቦታ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው፣ በወጡ፣ በዳቦውና በማባያው ያለው ሁሉ ተደምሮ። በክሊኒክ «ጨው ትቻለሁ» የሚሉ ብዙ ታካሚዎች በእርግጥም ጨው ከላይ አይነሰንሱም፤ ነገር ግን በርበሬያቸውና ሚጥሚጣቸው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ኩብ ማጣፈጫም ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ስለዚህ በቤትዎ የግፊት ታካሚ ካለ በርበሬ ሲያስፈጩ ያለ ጨው ያስፈጩ፤ ጨው የሚፈልግ ሰው በኋላ በሳህኑ ላይ ይጨምር።

ለአዋዜ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ያልገባበት በርበሬ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ 2 ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ኮረሪማና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በለብ ያለ ውሃ ያዋህዱ። ለዳጣ ደግሞ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጥቂት ጤና አዳም አብረው ወቅጠው ሎሚ ይጭመቁበት። እኔ ለግፊት ታካሚ ዳጣውን እመርጣለሁ፤ ጠረኑና ኮምጣጣነቱ የጨውን ጉድለት ከአዋዜ በተሻለ ይሸፍናል።

ጨው ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ማቆያም ነበር። ያለ ጨው የተሠራ ማባያ ጠረጴዛ ላይ ሊውል አይገባም። በጥቂቱ ይሥሩ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይክደኑ፣ በ3 ቀን ውስጥ ይጨርሱ። በተለይ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ ውጭ ሲቆይ አደገኛ የምግብ መመረዝ (ቦቱሊዝም) ሊያስከትል ይችላል። የሻገተ ወይም ሻጋታ የሚሸት በርበሬም ይጣል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በምግብ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም።

የስኳር ታካሚ ምን ያህል ይብላ?

ካሮትና ቀይ ስር «ስኳር አለባቸው» ተብለው ይፈራሉ። 100 ግራም ካሮት 10 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው ድንች ግን ከ17 እስከ 20 ግራም አለው፤ ስኳር ድንችም ከድንች ብዙም አይለይም። ስለዚህ የሚለካው ድንቹ ነው። ጥብሱ በእንጀራ ወይም በዳቦ የሚበላ ከሆነ ድንቹን ይቀንሱና ዝኩኒውንና ካሮቱን ያብዙ። አንድ ማዕድ ላይ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። የአባትዎን ወይም የእናትዎን ድርሻ አስቀድመው በሳህን ያውጡ፤ ምግቡ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ለታማሚ ብቻ ተለይቶ የሚሠራ ምግብ ብዙ አይዘልቅም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ድንችና እንጀራውን በአንድ ጊዜ በብዛት ከቀነሰ፣ ወይም ጾም ይዞ ምግብ ካዘገየ፣ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ከታዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡት፣ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይድገሙ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የአመጋገብ ለውጡን ከመጀመርዎ በፊት ስለ መድኃኒቱ መጠን ሐኪሙን ያነጋግሩ።

ሌሎች ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

የኩላሊት ሕመም ያለበትና ፖታሲየም እንዲቀንስ የተነገረው ሰው ድንች፣ ስኳር ድንችና ቀይ ስር በዚህ አሠራር አይብላ፤ ድንቹ ተከትፎ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ ፖታሲየሙ ይቀንሳል፣ መጠኑን ግን ሐኪሙ ይወስን። «የጨው ምትክ» ተብለው የሚሸጡ ምርቶች ብዙዎቹ ፖታሲየም ስለሆኑ ለኩላሊት ታካሚና ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሰው አደጋ አላቸው።

በርበሬና ቃሪያ የጨጓራ ቁስለት አያመጡም። ዋናዎቹ መንስኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ቃር የሚያስቸግረው ሰው ግን ማባያውን ቀለል ያድርገው፣ ማታ ከመተኛቱ በፊትም አይብላው። ስትሮክ መትቶት መዋጥ ለሚቸገር ሰውና ለሕፃናት አትክልቱ በሹካ እስኪፈርስ መለስለስ አለበት።

ቀይ ስር በበሉ ማግስት ሽንት ወይም ሰገራ ቢቀላ አይደንግጡ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠራል። ቀይ ስር ሳይበሉ ከቀላ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።