ፍሬና ገለባ፦ የአንድ አልበም የመድረክ ታሪክ

በ1973 ማብቂያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «የስ» የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» የተሰኘ አልበም አወጣ። ሥራው ሁለት ሸክላ ይሞላል፤ በአራቱ ገጾች ላይ የሰፈሩት ግን አራት ድርሰቶች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። ወዳጆቹ የፕሮግረሲቭ ሮክ ከፍተኛው ጫፍ ይሉታል። ነቃፊዎቹ ደግሞ የዚያ ዘመን ሮክ በትዕቢት መነፋቱን ለማሳየት ይጠቅሱታል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ይህ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በስቱዲዮው ቅጂ ላይ ነው። እኔ ግን በልዩ ልዩ ዘመን ከመድረክ የተቀዱትን ለምስክርነት ልጥራ።

ሐሳቡ የተፀነሰው ከአንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ድምፃዊው ጆን አንደርሰን የሕንዳዊውን መንፈሳዊ መምህር የፓራማሃንሳ ዮጋናንዳን ግለ ታሪክ ሲያነብ፣ ሻስትራ ስለሚባሉት የሂንዱ ቅዱሳት ጽሑፎች አራት ክፍሎች የሚያትት ማስታወሻ አገኘ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ድርሰት ሊሠራለት ወሰነ፤ ከጊታር ተጫዋቹ ከስቲቭ ሃው ጋርም ቡድኑ በጉዞ ላይ ሳለ በየሆቴሉ ክፍል በሻማ ብርሃን ንድፉን አወጡ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ሪክ ዌክማን ግን ልቡ አልተቀበለውም። ያለን ሙዚቃ ለአንድ ሸክላ ይበዛል፣ ለሁለት ሸክላ ያንሳል፤ ስለዚህ ክፍተቱ በማስረዘም ተሞላ ሲል ተቸ። አልበሙ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ቢወጣም ብዙ ሐያስያን ከዌክማን ጎን ቆሙ።

የመድረኩ ታሪክ የጀመረው ሸክላው ገበያ ላይ ሳይውል ነው። በ1973 መጸው በብሪታንያ በተደረገው ጉብኝት ተመልካቹ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን 80 ደቂቃ ሙዚቃ በአንድ ምሽት እንዲያዳምጥ ተጠየቀ። ዌክማን ራሱ እንደሚተርከው፣ ማንችስተር ላይ ሙዚቃው እየተጫወተ እርሱ በኪቦርዶቹ መካከል የሕንድ ወጥ ይበላ ነበር! በ1974 ጉብኝቱ ሲያበቃ ቡድኑን ለቀቀ። ሁለተኛው ድርሰትም በዚያው ጉብኝት ሂደት ከዝግጅቱ ወጣ።

ወደ ቅጂዎቹ ስንመጣ ዋነኛው ምስክር በ1976 ተቀድቶ በ1980 «የስሾውስ» በተባለው አልበም የወጣው አራተኛው ድርሰት፣ «ሪቹዋል» ነው። በዌክማን ቦታ ፓትሪክ ሞራዝ ተቀምጧል። በስቱዲዮው ቅጂ 21 ደቂቃ ከግማሽ የሚወስደው ሥራ እዚህ 28 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰዎች የከሰሱት ርዝመቱን ከሆነ፣ ይህ ቅጂ ከቀድሞው የባሰ መሆን ነበረበት። እኔ የምሰማው ግን ተቃራኒውን ነው። የክሪስ ስኳየር ቤዝ ጊታር አጃቢነቱን ትቶ ዜማውን ይመራል። የከበሮው ክፍል ሲደርስ ስኳየርና አንደርሰን ሳይቀሩ ከአለን ዋይት ጋር ከበሮ ይመታሉ። ይህ ክፍል በሸክላው ላይ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተሰካ ይመስላል፤ በመድረኩ ላይ ግን ድምፁ እየከረረ ሄዶ እስከ መበጠስ ይደርሳል። ያ ሁሉ ነጎድጓድ ባይቀድመው ኖሮ በመጨረሻ የሚመጣው የአንደርሰን ለስላሳ ዜማ እንዲያ ባላሳረፈን ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ይበልጥ ያስገርማል። በ1996 ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ ቡድኑ የመጀመሪያውን ድርሰት ሲጫወት በኪቦርዶቹ ፊት የተቀመጠው ራሱ ዌክማን ነበር። ሐሳቡን ለወጠ ማለቴ አይደለም፤ ጣቶቹ ግን የነቀፈውን ሥራ በክብር ተሸክመውታል። በ2001 በአምስተርዳም «ሪቹዋል» ከኦርኬስትራ ጋር ተቀዳ። በ2017 በአሜሪካ በተቀዳው ዝግጅት ደግሞ ስኳየር በሞት ተለይቶ፣ አንደርሰንም ከቡድኑ ወጥቶ ሳለ፣ አንደኛውና አራተኛው ድርሰት ሙሉ በሙሉ ቀረቡ። ከሦስተኛው የተወሰደው ሃው በአኩስቲክ ጊታር የሚያጅበው ጸጥተኛ መጨረሻው ብቻ ነው። ሁለተኛው አልተነካም።

እንግዲህ መድረኩ እንደ አውድማ ፍሬውን ከገለባው ለይቷል። ዌክማን ለአንድ ሸክላ ይበዛል፣ ለሁለት ያንሳል ባለ ጊዜ አልተሳሳተም፤ ቡድኑ ራሱ ለአርባ ዓመታት በመረጣቸው ክፍሎች መሰከረለት። ወዳጆቹም አልተሳሳቱም፤ ባዶ የነበረ ሥራ ተጫዋቾቹ እየተቀያየሩ ያን ያህል ዘመን ባልተሸከሙት ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። መድረክ የሚጥለው ሁሉ ገለባ አይደለም። ሁለተኛው ድርሰት ዝግተኛ ነው፤ ሺህዎች ለሚጮኹበት አዳራሽ አይመችም፤ ብቻውን ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ግን የራሱ የሆነ የጸጥታ ውበት አለው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አልበም ሰምተህ የተውከው ከሆነ ከ1976ቱ «ሪቹዋል» ጀምር፤ ቀጥሎ የ1996ቱን አድምጥ። ወደ ሸክላው የምትመለሰው ለሁለተኛው ገጽ ይሁን።