የእንግሊዝኛ የትምህርት ቃላትና የሐዋሳ ተማሪ፤ ታሪካዊ ቅኝት

ለፈተና ሲባል የእንግሊዝኛን ከፍተኛ የትምህርት ቃላት በዝርዝር ጽፎ ማጥናት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንደሚታወቀው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የፈረንሳይኛን ቦታ ሲወስድ፣ ከመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል በለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና የተመዘኑ ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ግን በእንግሊዝኛው እንደ ጸና ቀረ። ስለዚህ ተማሪው ሰኔ ላይ «ማባዛት» ያለውን መስከረም ላይ «መልቲፕሊኬሽን» ማለት ግዴታው ሆነ። የቃላት ደብተር የተወለደው ከዚህ ስንጥቅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍቺው፣ በመካከላቸውም አንድ መስመር።

ዝርዝሩ በሌላው ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ 2,000 የሚጠጉ አጠቃላይ ቃላትን መርጦ አሳተመ። አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ባሉት የጽሑፍ ክምችት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በዌስት ዝርዝር ያልተካተቱ 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል። እነዚህም ከትምህርታዊ ጽሑፍ ከመቶ 10 ያህሉን እንደሚሸፍኑ፣ በልብ ወለድ ውስጥ ግን ከመቶ 1.4 ብቻ እንደሆኑ አሳይታለች። ይህ ቁጥር ለአስተማሪ ብዙ ይናገራል፤ ተማሪው ልብ ወለድ በማንበብ ብቻ እነዚህን ቃላት በበቂ መጠን አያገኛቸውም ማለት ነውና።

የሐዋሳ ሁኔታ ከዚህም የተወሳሰበ ነው። በ1950ዎቹ ያደገችውና የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትን ከይርጋለም የተረከበችው ይህች ከተማ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲዳምኛ ሲሆን፣ ያኔ የተጻፈው በፊደላችን ነበር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ግን በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እንግዲህ ዛሬ በሲዳምኛ የተማረ የሐዋሳ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ በእጁ ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ይገኛል። የላቲኑን ፊደል ማወቁ ለእንግሊዝኛው ይጠቅመዋል የሚሉ አሉ። ለንባብ መነሻ ይሆን ይሆናል፤ የፈተናው ፍሬ ነገር ግን ከፊደሉ ይልቅ በቃሉ ውስጥ ያለው አሳብ ነው።

ወደ አሳቡ ስንገባ የሥነ ልሳን ባለሙያው የሚለው ነገር አለ። ከኮክስሄድ ዝርዝር የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ቃላትን እንውሰድ። «ኮንሴፕት» ከላቲኑ «መያዝ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ከዚሁ ሥር የተገኘው የእንግሊዝኛ ግሥ መፀነስንም በአሳብ መቀበልንም ይገልጻል። አማርኛው «ጽንሰ ሐሳብ» ሲል በዚያው መንገድ ተጉዟል። «ስትራክቸር» መደርደርንና መገንባትን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ሲወጣ፣ የእኛው «መዋቅር» የ«ወቀረ» ዘመድ ነው፤ ድንጋይ ጠርቦ የሠራውን ሰው «ውቅር» ከሚለው ቃል እናውቀዋለን። ሁለቱም ከግንበኛና ከድንጋይ ጠራቢ ቤት የመጡ ናቸው። «አናላይዝ» ደግሞ በግሪክኛ መፍታት ነው፤ «ትንተና»ም የተያያዘውን ዘርዝሮ ከመለየት ብዙ አይርቅም። ተማሪው እነዚህን ጥንዶች ጎን ለጎን ቢያያቸው ቃሉን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በአሳቡ ይይዘዋል።

ከግሪክኛ የመጡትማ ብዙዎቹ ከጥንት ጀምሮ በቤታችን ናቸው። ጠረጴዛን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በጂኦሜትሪ የሚያስቸግረው «ትራፒዚየም» ከዚያው «ትንሽ ጠረጴዛ» ከሚለው የግሪክ ቃል ወጥቷል። በ«ወንጌል» መነሻ ላይ ያለው «መልካም» የሚል ክፍል በ«ዩፌሚዝም» መነሻም ይገኛል። «ኤጲስ ቆጶስ» በላይ ሆኖ የሚመለከት ማለት ሲሆን፣ የመመልከቱን ክፍል በ«ቴሌስኮፕ» እናገኘዋለን። የግእዙ «ፊሳልጎስ»ም ከ«ፊዚዮሎጂ» ጋር የተሠራው ከሁለት ተመሳሳይ ቃላት ነው። እርግጥ ነው፣ ሥርወ ቃል አንዳንድ ጊዜ ያታልላል፤ ትርጉም ከሥሩ ርቆ ስለሚሄድ ተማሪው ሥሩን እንደ ፍቺ ከወሰደው ይሳሳታል። እንደ መያዣ እጀታ ከያዘው ግን ይጠቅመዋል።

እዚህ ላይ የአካዳሚው ሥራ ይታወሰናል። በ1964 ዓ.ም. ለአማርኛ ተብሎ የተቋቋመውና ከለውጡ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የጀመረው የስያሜ ሥራ፣ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሆኖ ታተመ። «አስተፃምሮ»፣ «ሥነ ሕይወት»፣ «ድኅረ»፣ «ቅድመ» የሚሉትን የመሳሰሉ የግእዝ መሣሪያዎች ለእንግሊዝኛው ቅጥያዎች አቻ ሆነው መቆም እንደሚችሉ የስያሜው ሥራ አሳይቷል። የሚያሳዝነው፣ ቃላቱ የተሠሩት ለማስተማሪያ ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው ለእነርሱ በሚበቃበት ክፍል ማስተማሪያው እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። በእኛ አስተያየት የከሰረው ስያሜው አይደለም፤ ቦታው ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ባይገባ እንኳ በቃላት ደብተሩ የቀኝ ዓምድ ቦታ ነበረው።

የደብተሩ ቀኝ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚሞላው በአንድ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ወጡ፤ አንዱ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ፣ ሌላው የቮልፍ ሌስላው። የሌስላው ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሳያል፤ ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ግን ጊዜ ስለሚያጥረው የሚቀዳው ቃሉን ለብቻው ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በቃላት ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ሆኖም ከእንግሊዝኛው በስተቀር ሁሉም ጥያቄ የዕውቀት ጥያቄ ነው ተብሎ ሲታሰብ፣ ብዙው በመጀመሪያ የቋንቋ ጥያቄ መሆኑ ይረሳል።

ለሐዋሳው ልጅ ደግሞ ድልድዩ ገና አንድ ቅስት ይጎድለዋል። በሲዳምኛ «አፎ» አፍም ቋንቋም ነው፤ ግእዙ «ልሳን» ምላስም ቋንቋም እንደሆነ ሁሉ፣ ላቲኑም «ሊንጉዊስቲክስ»ን ያወጣው ምላስን ከሚያመለክት ቃል ነው። ይህን የመሰለ ዝምድና በሦስቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚያሳይ የቃላት መጽሐፍ ለማዘጋጀት መነሻው ቅርብ ነው፤ የ1989ኙ መዝገበ ቃላት ያለው ሁለት ዓምድ ነው፣ ሦስተኛው የሲዳምኛ ሊሆን ይችላል። ከ570ዎቹ ቤተሰቦች የመጀመሪያዎቹን 60 ብቻ ወስዶ መጀመር ይቻላል።