ጀርባና ጎማ፦ በኢሉባቦር ከተሞች ልጅ የማዘል ታሪክ

በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ የመጀመሪያ ልጁን የሚጠብቅ ቤተሰብ ስለ ሕፃን ጋሪ ማሰብ የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ምርጫው በቆዳ አንቀልባ፣ በጋቢና በነጠላ መካከል ነበር፤ ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ሕፃኑ የሚያድገው ጀርባ ላይ ነው። ጋሪ ለዚህ አገር የዘገየው በዋጋው ምክንያት ብቻ አይደለም። የሚገፋበት መሬት አልነበረም። የኢሉባቦር ልጆች እንዴት ተይዘው እንዳደጉ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት መንገዱን መመልከት ይኖርበታል።

መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎሬ ደግሞ ከእሷ አለፍ ብላ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለ ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከልና በዙሪያቸው ያለው አገር ወንዝ የበዛበት፣ ደን የለበሰ፣ ዳገትና ቁልቁለት የማይለየው ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ከተሞች አንዷ ናት። ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም ይጠናል፤ በሌሎቹ ወራትም ጨርሶ አይጠፋም። ቀዩ አፈር ሲርስ እግርን ይዞ አይለቅም፣ በቅሎን ያዳልጣል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ትንሽ ጎማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ጎሬ ከተማ ሆና የተስፋፋችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የምኒልክ ጦር ምዕራቡን ሲይዝ ነው። በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች (በኋላ ራስ) ተሰማ ናደው ወደ ነጭ ዓባይ ሲዘምቱ ጦራቸውን ያንቀሳቀሱት ከዚሁ አገር ነበር። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ጦር ሲንቀሳቀስ ሴቶች አብረው ይጓዛሉ፤ እህል ይፈጫሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ማሰሮና ምጣድ ይሸከማሉ፣ ልጅም ያዝላሉ። ከሸዋና ከሌላም የሰሜን አገር የመጣው ወታደር ሚስቱ በጎሬ ስትወልድ፣ የምታዝልበት አንቀልባ ከአገሯ የለመደችው ዓይነት እንደሚሆን ግልጽ ነው። የአካባቢው ኦሮሞ እናቶችም ቀድሞውኑ ልጃቸውን በለፋ ቆዳ ያዝሉ ነበር። ሁለቱ ልማዶች ጎን ለጎን ኖሩ። ልዩነታቸው በጌጡና በአስተሳሰሩ ላይ እንጂ በመሠረቱ ላይ አልነበረም።

አንቀልባ ለማየት ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። የበግ፣ የፍየል ወይም የጥጃ ቆዳ ይነከራል፣ ፀጉሩ ይወልቃል፣ ሥጋው ይፋቃል፣ ተወጥሮ ይደርቃል፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ድረስ በእጅና በእግር ይታሻል፣ ቅቤ ወይም ዘይት ይጠጣል። ይህን የሚያውቀው ፋቂው ነው። ፋቂ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ሙያው ተፈልጎ ራሱ የሚናቅ ሰው ነበርና፣ የሕፃናቱ ሁሉ የመጀመሪያ ማረፊያ የተሠራው ጎረቤት ማዕድ በማያቀርበው ሰው እጅ ነው ማለት ይቻላል። የለፋው ቆዳ ከሕፃኑ ጀርባ እስከ መቀመጫው በሚደርስ መጠን ይቆረጣል፤ ከላይኛው ጫፍ ሁለት ረጃጅም ጠፍሮች ይወጡለታል። እናት ጎንበስ ብላ ልጇን ጀርባዋ ላይ ታስተኛለች፤ ቆዳውን ከላይ ታለብሰዋለች፤ ጠፍሮቹን በትከሻዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ታጣምርና አዙራ ወገቧ ላይ ትቋጥራቸዋለች። የሕፃኑ እግሮች ግራና ቀኝ ተከፍተው ወገቧን ያቅፋሉ። ደንበኛ አዛይ ይህን ሁሉ ብቻዋን፣ ልጁ ሳይነቃ ትጨርሳለች።

በሰሜን በተለይም በወሎና በትግራይ የተሠራ አንቀልባ ዛጎልና ጨሌ ይደረደርበታል፤ ከጠርዙም የቆዳ ዘርፍ ይንጠለጠላል። ዛጎሉ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ልጁን ከቡዳ ዓይን ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ያ ዓይነቱ አንቀልባ ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የሚታየው ለዚሁ ውበቱ ነው። በኢሉባቦር ዝናብ ግን ያጌጠ ቆዳ ብዙ አይበረክትም። እርጥበት ቆዳን ያጠነክረዋል፣ ሻጋታም ያወጣበታል፤ በየጊዜው ቅቤ ካልጠጣና ጭስ ካልገባው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቆዳው ከጨርቅ ቀድሞ ከተማውን የለቀቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

ሌላው ምክንያት ንግዱ ነው። በ1894 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ብዙም ሳይቆይ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ እስከዚያ ይደርሱ ጀመር። ከጎሬ በቡሬ በኩል ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ከጋምቤላ ጨው፣ አቡጀዲና ሌላም ጨርቅ ይወጣል። ግሪኮችና ሶሪያውያን በጎሬና በጋምቤላ ሱቅ ከፈቱ፤ እንግሊዞችም በጎሬ ቆንስላ ነበራቸው። ጨርቅ በገበያ በረከሰ ቁጥር ቆዳው ወደ ውጭ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነና ልጅ በጋቢ፣ በነጠላና በአቡጀዲ መታዘል ጀመረ። ጨርቅ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ሌሊት ልብስ፣ ቀን ማዘያ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሸቀጥ ያመላለሰው በቅሎና ተሸካሚ እንጂ ጎማ አልነበረም። ጨው የሚመጣበት መንገድ ጋሪ ካላስኬደ ለሕፃን የሚሆን ጋሪ ከየት ይምጣ?

በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ታሪኩ ቀደም ብሎ በሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1733 እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ዊሊያም ኬንት ለዴቨንሺር መስፍን ልጆች እንስሳ የሚጎትተው የዛጎል ቅርጽ ያለው ጋሪ ሠራ፤ ሕፃናትን ለማንሸራሸር ከተሠሩት ጋሪዎች ቀደምቱ እሱ ነው ይባላል። በ1877 በሊድስ የተቋቋመው ሲልቨር ክሮስ ጋሪውን በስፕሪንግ ላይ አንሳፍፎ ለሀብታሞች ሸጠ። በ1889 አሜሪካዊው ዊሊያም ሪቻርድሰን ሕፃኑ ወደ እናቱ ወይም ወደ ፊት እንዲዞር የሚያስችል ንድፍ በፓተንት አስመዘገበ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ድንጋይ ለተነጠፈበት ጎዳና፣ ለተስተካከለ መናፈሻና ጋሪውን ለምትገፋ ሞግዚት ነው። ጋሪው የቅንጦት ዕቃ የሆነው መንገዱ ቀድሞ በሌላ ገንዘብ ስለተሠራለት ነው።

በኢሉባቦር ሞግዚቷ ከቤተሰቡ ውስጥ ናት። እናት ቡና ስትለቅም፣ ገበያ ስትወጣ ወይም ምድጃ ላይ ስትሆን ልጁ ወደ አያት፣ ወደ አክስት፣ ብዙ ጊዜም ገና አሥር ዓመት ወዳልሞላት ታላቅ እህት ጀርባ ይተላለፋል። ከትምህርት ቤት የቀሩ ሴት ልጆች ታሪክ ሲጻፍ ይህ ጀርባ መረሳት የለበትም። ማዘል ነጻ የሚመስለው ጉልበቱን የሚከፍለው ሰው ስላልተቆጠረ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የሚጀምረው የቡና ለቀማ ደግሞ እናቶችን ከነልጆቻቸው ወደ ጫካ ያወጣል፤ ጀርባ ላይ ሕፃን፣ ወገብ ላይ ቅርጫት ታስሮ ይዋላል። በሰሜናዊው ልማድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ ማዘያውን የምትመርጠውም አያት ነበረች። ብዙ ጊዜም አዲስ አይገዛም፤ የቀደመውን ልጅ ያሳደገው ለሚቀጥለው ይወርሳል፣ ወይም ከጎረቤት በውሰት ይመጣል። አራስ ከቤት ሳትወጣ ትቆይና በክርስቲያኑ ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ለክርስትና ሲወሰዱ ነው ሕፃኑ መጀመሪያ ከመንገዱ ጋር የሚተዋወቀው።

በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከአገር ሲወጡ ጎሬ ለጥቂት ወራት የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ጣሊያኖች በኅዳር 1929 ያዟት። ከዚያ ወዲህ የመኪና መንገድ፣ ቀጥሎም የአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ጎሬ ደረሰ፤ የቡና ጭነቱም ቀስ በቀስ ከበቅሎ ወደ ካሚዮን ተዛወረ። ነገር ግን መኪና የሚያስኬድ ጠጠር መንገድ ለሕፃን ጋሪ አይበጅም። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረና ዋናው ገበያ፣ መሥሪያ ቤቱና ትምህርት ቤቱ መቱ ላይ በዙ። በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር በተያያዘው የሠፈራ ዘመቻ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰዱ፤ ኢሉባቦርም ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። ከዕቃቸው ብዙውን ያጡ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የደረሱት በጀርባቸው ነው። የቆዳው አንቀልባ በከተሞቹ እየጠፋ ባለበት ወቅት በሠፈራ መንደሮች እንደገና ሳይታይ አልቀረም። 

ኢሉባቦር ወደ ጎማ ስትቀርብ የውጩ ዓለም ወደ ጀርባ መመለስ ጀምሮ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቶጎ በሰላም ጓድ ያገለገለችው አሜሪካዊት ነርስ አን ሙር የአፍሪካ እናቶች ሲያዝሉ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ የጨርቅ ማዘያ አሠርታ በ1969 ፓተንት አወጣችበት። የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ንድፍ የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኦወን ማክላረን ደግሞ በ1965 ከአሉሚኒየም ቱቦ ተሠርቶ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ነደፈ። ባለስፕሪንጉን ከባድ ጋሪ በብዙ ቤት የተካው እሱ ነው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚታዩት ጋሪዎች ብዙዎቹም የዚያ ንድፍ ዘሮች ናቸው። የሕክምናው ጥናትም ለማዘል አደላ። በ1986 በሞንትሪያል የተደረገ ሙከራ ሕፃናት በቀን ከወትሮው የበለጠ ሲታቀፉ በስድስተኛው ሳምንት ለቅሷቸው በ43 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እግርን ከፍቶ ማዘልም ለዳሌ መገጣጠሚያ ይበጃል፤ እግርን አጣብቆ መጠቅለል ግን ይጎዳል። አንቀልባው በዚህ ረገድ ከጥናቱ ቀድሞ ትክክል ነበር።

አሁን መቱ ውስጥ ጋሪ የሚያስገፋ መሬት በከፊል አለ። ዋናው መንገድ አስፋልት ለብሷል፤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ አያት አጠገባቸው የሌለ ወጣት ባልና ሚስት በዝተዋል። ጋሪው ከመርካቶ ወይም ከቦሌ ሱቆች ተገዝቶ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ይመጣል፣ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ ይላካል፤ ያገለገለም ይሸጣል። የሚላከው ጋሪ ግን የላኪው ከተማ መንገድ ታስቦ የተሠራ ነው። ትንንሽ ጠንካራ ጎማ ያለው በአስፋልት ላይ ይንሸራተታል፤ በኢትዮጵያ ከተሞች በተስፋፋው ኮብል ስቶን ላይ ግን ሕፃኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ በጭቃ ደግሞ ይቆማል። ለዚህ አገር የሚሻለው ሰፊና አየር የሚሞላ ጎማ ያለው ነው፤ ችግሩ እሱ ይከብዳል፣ ባጃጅ ውስጥም አይገባም። ስለዚህ ገዢው ከሁለት ነገር አንዱን ማጣቱ አይቀርም፤ የሚኖረው አስፋልቱ ዳር ከሆነ ቀላሉና ታጣፊው፣ ከአስፋልት የራቀ ከሆነ ባለትልቅ ጎማው ይበጀዋል።

ዳገት በበዛበት ከተማ ፍሬን ከሁሉ በፊት መፈተን ያለበት ነገር ነው፤ ልጁ ሳይገባ ተመጣጣኝ ክብደት ተጭኖበት ቁልቁለት ላይ መያዝ አለመያዙ ይታያል። ትከሻን፣ ወገብንና መሐል እግርን የሚይዝ ቀበቶ ያስፈልገዋል። አንገቱ ላልጠናና ተደግፎ መቀመጥ ላልጀመረ ሕፃን ጀርባው ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ካልሆነ አይገዛም፤ ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጠው ጋሪ ስድስት ወር ገደማ እስኪሞላው ይቆያል። የዝናብ መሸፈኛው ላስቲክ አየር ማስገቢያ ያለው መሆን አለበት፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ይነሳል፣ ውስጡ በፍጥነት ይሞቃልና። ያገለገለ ጋሪ ሲሆን የማጠፊያው መቆለፊያና የጎማው ብሎን በእጅ ተነቅንቀው ይታያሉ፤ ዝገት የገባው መቆለፊያ ልጁ ውስጥ እያለ ሊታጠፍ ይችላል። ጋሪ ያለው ቤተሰብም ነጠላውን አይተውም፤ ክረምት ሲገባና ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ልጁ ወደ ጀርባ ይወጣል፣ ጋሪው ደግሞ ታጥፎ በእጅ ይያዛል።