የወሎ ረሃብና ካሜራው የቆመበት ቦታ

ዜናን መርምሮ ማንበብ ሲባል ለብዙዎቻችን እውነትን ከሐሰት መለየት ብቻ ይመስለናል፡፡ የሚከብደው ግን እያንዳንዱ ፍሬ ነገር እውነት ሆኖ ጠቅላላው ሥዕል ሲዛባ ነው፡፡ ለዚህ የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ያህል አስተማሪ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም፡፡

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር፡፡ ፊልሙ የንጉሡ መንግሥት የሸሸገውን እልቂት ለዓለም ገለጠ፤ እርዳታም አሰባሰበ፡፡ ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት ዋዜማ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፡፡ በዚህ ጊዜ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች በመካከሉ ገብተውበት ነበር፡፡ ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው፡፡ ሁለቱን ጎን ለጎን የቀጠለው እጅ ግን ተመልካቹ ምን ብሎ እንደሚደመድም አስቀድሞ ወስኗል፡፡ ይህን ማለቴ የዘውዱን መንግሥት ከተጠያቂነት ለማዳን አይደለም፡፡ ደርግ ራሱ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሰሜኑ እየተራበ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በድምቀት አክብሯል፡፡

በዚያው ዓመት ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ፡፡ ብዙ ነፍስ አተረፈ፡፡ በዓለም አእምሮ የቀረው ግን የተራበ ሕፃንና የደረቀ መሬት ነው፤ ረሃቡን ያባባሰው ጦርነት ከምስሉ ውጭ ቀረ፡፡

የወላጆቼ አገር ከላላ ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ «ወሎ» ስል ወዲያው ድርቅ የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፡፡ የ1966ቱ ካሜራ የቆመው በዋናው መንገድ ዳር በነበሩት መጠለያዎች አካባቢ ነው፡፡ ከመንገዱ ርቀው ስለሚገኙት ስለ ከላላና ስለ መካነ ሰላም ደጋዎች ከዚያ ፊልም የምንማረው የለም፡፡ ካሜራ ዋጋንም አይቀርጽም፡፡ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር፡፡ በቴሌቪዥን የሚታየው የተሰነጣጠቀ መሬት ይህንን አይነግረንም፡፡

አድልዎ ግን የዘጋቢው ብቻ አይደለም፡፡ ወሎን የሚያስነቅፍ ወሬ ስሰማ ማስረጃ እጠይቃለሁ፤ የሚያስመሰግን ሲሆን የመጠየቅ ፍላጎቴ ይቀዘቅዛል፡፡ ሁላችንም ስለ አገራችን፣ ስለ ሃይማኖታችን ወይም ስለ ምንደግፈው ወገን እንዲሁ ነን፡፡ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የቆዩ ፎቶዎች እንደ አዲስ ከእጅ ወደ እጅ የተዛወሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ ተቀባዩ አስቀድሞ ያመነውን ነገር ስላገኘባቸው፡፡

እንግዲህ አንድ ዘገባ ሲደርሰን የሚከተሉትን ብንጠይቅ እንጠቀማለን፡፡ ምስሉ የትና መቼ ተቀረፀ? ማን ቆርጦ ቀጠለው? ካሜራው ያልደረሰው የት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ይህንኑ ማስረጃ የማልወደው ወገን ቢያቀርበው እቀበለው ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ ሌላ ሰው ሊመልስልን አይችልም፡፡