በአሮጌ ቤት ወለል ላይ የሚገኝ አስቤስቶስ ያለበት ንጣፍ፦ ለአርጆ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

አስቤስቶስ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ እንደ ክር የሚተረተርና እሳት የማይበላው ማዕድን ነው። በዚህ ጠባዩ ምክንያት ባለፈው ክፍለ ዘመን ከጣሪያ ክዳን፣ ከውኃ ቱቦና ከወለል ታይልስ ጋር እየተቀላቀለ በመላው ዓለም ለግንባታ ውሏል። በአርጆና በወለጋ ከተሞች አብዛኛው መኖሪያ ቤት የአፈር ወይም የሲሚንቶ ወለል ያለው በመሆኑ ጉዳዩ ሁሉንም ነዋሪ አይመለከትም። የሚመለከተው በተለይ ታይልስ የተነጠፈበት አሮጌ ቤት ያለውን፣ እንዲሁም ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ ንጣፍ ገዝቶ በምድር ቤቱ ወይም በዕቃ ማከማቻው ያነጠፈውን ሰው ነው።

አንድ ታይልስ አስቤስቶስ እንዳለበትና እንደሌለበት በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይኖርበታል። ሆኖም ጎኑ 23 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠንካራና በቀላሉ የሚሰበር፣ በጥቁር ሬንጅ የተለጠፈ አሮጌ ታይልስ ሲያጋጥም፣ እስኪመረመር ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት አድርጎ መያዝ ይገባል። ሬንጁም ራሱ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል።

ያልተሰበረና ከቦታው ያልተነቀለ ታይልስ በላዩ በመሄድ ብቻ ለጉዳት አይዳርግም። አደጋው የሚመጣው ሲሰበር፣ ሲፋቅ ወይም ሲቆረጥ ከሚወጣው ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ በሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ የሳንባ፣ የማንቁርትና የማህፀን እንቁልጢ ካንሰር እንዲሁም የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያስከትላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት ዘግይቶ በመሆኑ፣ ዛሬ ምንም ስላልተሰማ ጉዳት የለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ላይ ለአስቤስቶስ በመጋለጥ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል።

የአርጆ ክረምት ዝናብ የሚበዛበት ስለሆነ ምድር ቤት በእርጥበት ይጠቃል፤ ሬንጁም ይለቅና ታይልሱ ይነሣል። በዚህ ጊዜ በጋ ሲገባ ጠብቆ በዶማ መፋቅና በደረቁ መጥረግ የሚቀናው ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉም የከፋው አሠራር ግን ይህ ነው። አስቀድሞ የጎርፍ ቦይ በማውጣት እርጥበቱን ማስቆም፣ ከዚያም ንጣፉን ሳይነቅሉ በላዩ ላስቲክ አንጥፎ በሲሚንቶ ወይም በሌላ ንጣፍ መሸፈን ከመንቀል ይመረጣል። ቤቱ በሚሸጥበት ወይም በሚታደስበት ጊዜ ከሥር ያለውን ለገዢውና ለግንበኛው መንገር ያስፈልጋል።

መንቀል ግድ ከሆነ ሥራው በሠለጠነ ባለሙያ ቢከናወን ይመረጣል። ጥቂት የተነሡ ታይልሶችን ብቻ ለማንሣት፣ ልጆችን ከቤት ማራቅ፣ ወለሉን ጥቂት ሳሙና በተጨመረበት ውኃ ማርጠብና ሥራው እስኪያልቅ እርጥብ አድርጎ ማቆየት፣ ታይልሱንም ሳይሰብሩ አንድ በአንድ ማንሣት ይገባል። ሬንጁ አይፋቅም፤ ይሸፈናል እንጂ። ነጠላ ወይም የጨርቅ ጭምብል ብናኙን አይከላከልም፤ ኤፍ.ኤፍ.ፒ. 3 የተባለውን ጭምብል መጠቀም ያስፈልጋል። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ጨርቁም ከታይልሱ ጋር ይወገዳል። የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም፤ በሌሎች አገሮች የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሴቶች ነበሩና። ሠራተኛ የቀጠረ አሠሪ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

የተነሣው ታይልስ በሁለት ድርብ ወፍራም ላስቲክ ታሽጎ፣ አስቤስቶስ እንዳለበት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍበታል። ማቃጠል አስቤስቶሱን አያጠፋውም። ጭቃ ለመድፈን በግቢ መበተን፣ በወንዝ ወይም በገደል መጣል፣ ለሌላ ሰው መሸጥም አይገባም። አወጋገዱ በአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት ሊታይ ስለሚገባ፣ ባለቤቱ የታሸገውን ከልጆችና ከከብት ርቆ በተቆለፈ ቦታ አስቀምጦ፣ ብዛቱንና የተገኘበትን ቦታ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመለክታል።